ቅጠሉ የወደቀበት ቦታ

ይህን የምጽፈው ከዐረብ አገር ተመልሰው ቤት ውስጥ ለተቀመጡ እህቶቼ ብዬ ነው። ግን ሰውን የሚያደርቀው ስደት ብቻ አይደለም። ፍቺ አለ፣ ሐዘን አለ፣ ሥራ ማጣት አለ፣ ከጦርነቱ በኋላ በየቤቱ የገባው ዝምታ አለ። የሚጠቅመው ሰው ይውሰደው።

ወሎ ያደገ ሰው ልምላሜ በዓመት ሁለቴ እንደሚመጣ ያውቃል። አንዱ በልግ ነው፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ በሚጥለው ዝናብ የሚመጣው። ሌላው ዋናው ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው የምናየው ነው። ደላንታና ለጋምቦ ያሉ የደጋ ገበሬዎች ተስፋቸው የበልግ ገብስ ነው። በልጉ ደግሞ ይከዳል፣ ያውም ደጋግሞ። የ1977ቱን ድርቅ ያየ ወላጅ ያሳደገው ልጅ «ዝናብ ይመጣል» ሲባል አፉን ሞልቶ «አዎ» አይልም፤ «አላህ ካለ» ነው የሚለው። ስለዚህ ሰው ሁሉ «አይዞሽ፣ ጊዜው ሲደርስ ታብቢያለሽ» ሲለኝ ጆሮዬ ይሰማል እንጂ ልቤ አይቀበለውም ነበር። ዝናቡ ቢቀርስ?

እኔ ከዛፍ የተማርኩት ስለ ዝናቡ አይደለም። ዝናቡ ሳይመጣ ዛፉ ምን ሲሠራ እንደሚቆይ ነው።

የተመለስኩት በ2006 ዓ.ም. ነው፤ ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ባስወጣችበት ጊዜ። ቦሌ የደረስኩት በለበስኩት ዐባያና በአንድ ፌስታል ነው። ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ቃሉ ወረዳ ያለው የወላጆቼ ቤት። የቤቱ ቆርቆሮ አዲስ ነበር፤ እኔ በላክሁት ብር የተለወጠ። መጀመሪያ ሰሞን እንግዳው በዛ፣ ቡናው በዛ፣ ምርቃቱ በዛ። ከዚያ ጥያቄው ሁሉ አንድ ሆነ፦ «መቼ ነው የምትመለሽው?» ገና ሻንጣ እንኳ ያልፈታሁ መስሏቸው ይሆናል። የሚፈታ ሻንጣ አልነበረኝም።

እንዴት እንደነበርኩ ብዙ አልዘረዝርም፣ የደረሰባት ታውቀዋለች። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ጤነኛ ሆኜ፣ ጉልበቴም ወገቤም ምንም ሳይሆን፣ ሰላት የምሰግደው ተቀምጬ ነበር። መቆም ከብዶኝ። እናቴ ይህን አይታ ምንም አላለችም፤ አለማለቷን ግን አይቻለሁ።

ከጓዳ ያወጣችኝ ጎረቤታችን ናት። ክርስቲያን ናት፣ እናቴን «እታለም» ነው የምትላት፣ እኔ ደግሞ እሷን «እትዬ»። ከቦርከና ወንዝ ብዙም የማይርቅ አንድ የችግኝ ጣቢያ ውስጥ በቀን ሠራተኝነት ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ፣ በረካውን ሳትጨርስ ተነሥታ መጋረጃውን ገለጥ አደረገችና «ነገ አፈር ሙሌት አለ፣ እጅ ያንሰናል፤ ነይና አግዢኝ» አለችኝ። «ይሻልሻል»፣ «አየር ትቀይሪያለሽ» አላለችም። እጅ ያንሰናል ነው ያለችው። የታመመ ሰው ላላችሁ ቤተሰቦች ይህን ልዩነት ልብ በሉልኝ። ምክር ሰልችቶኝ ነበር። እጄ ለአንድ ነገር እንደሚፈለግ ግን ከተመለስኩ ጀምሮ የነገረኝ አልነበረም።

አፈር ሙሌት ማለት ሴቶች ከተቆለለ አፈር ዙሪያ ተቀምጠው ጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት የሚሞሉበት ሥራ ነው። የጫካ አፈር፣ ፍግና አሸዋ ተነፍቶ ይደባለቃል። ከረጢቱ ከላይም ከታችም ክፍት ስለሆነ መጀመሪያ ረጠብ ያለ አፈር ትጨምሪና በአውራ ጣትሽ ትጠቀጥቂዋለሽ፤ ያ ታች ያለው አፈር ካልያዘ የቀረው ሁሉ ይፈስሳል። ከዚያ እየሞላሽ መሬቱ ላይ መታ መታ ታደርጊዋለሽ፣ ባዶ አየር እንዳይቀር። ሞልተሽ መደቡ ላይ ቀጥ አድርገሽ ትደረድሪዋለሽ። እንደገና ሌላ። ሐሳብ አይጠይቅም፣ ግን እጅን ይይዛል፤ እጅ ሲያዝ ጭንቅላት ትንሽ ያርፋል። ወሬውም ጥሩ ነበር፣ አንዳንዴ ነውር ነገር ሁሉ ይወራል፤ መሳቅ እንደማልችል ያሰብኩት እኔ አፌን በነጠላ ይዤ ስስቅ ራሴን ሰማሁት።

ቀጥሎ ያስተማሩኝ ማዛወር ነው። መደብ ላይ በጅምላ የበቀሉትን ቡቃያዎች እየነቀሉ ወደየከረጢታቸው ማስገባት። የመጀመሪያዋን ቡቃያ በግንዷ ያዝኳት፣ እንደማንኛውም ሰው። የጣቢያው ዘበኛ፣ ሁላችንም ሸሁ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ከኋላዬ ቆመው ነበር። «ልጄ፣ በቅጠሏ ያዣት» አሉኝ። «ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ታወጣለች። ግንዷ ከተጨፈለቀ ግን ምንም አታመጣም።» ይህ የባለሙያም ሕግ ነው፣ በኋላ ሥልጠና ላይ ደግሜ ሰምቼዋለሁ። ገና የተነቀለች ቡቃያ ግንዷ ከክር የቀጠነ ነው፤ ጠንከር አድርጎ የያዛት ሰው ሳይታወቀው ይገድላታል፣ ሊያድናት ፈልጎ።

እኔንም ቤተሰቤ የያዘኝ በግንዴ ነበር። «ለምን እንዲህ ሆንሽ፣ እዚያ ምን አደረጉሽ፣ ብሩስ የት ገባ» ብለው መሃሉን ነበር የሚጨብጡት። እትዬና ሴቶቹ በዳር ያዙኝ፦ ዛሬ ምን በላሽ፣ ጫማሽ ተበጥሷል፣ ያቺን ማጠጫ አቀብዪኝ። መሃሉን እኔው ራሴ ፈልጌ እስካወራ ድረስ ማንም አልነካውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

የካቲት ላይ ነበር፣ በልጉ ገና ሳይጥል። ከጣቢያው ጥግ አንድ ዋንዛ አለ፣ ብዙ ቅጠሉ ረግፎ ነበር። ሸሁ ከሥሩ ተቀምጠዋል፤ እኔ እየተሸበለለ የወደቀውን ቅጠል እጠርግ ነበርና «ይሄም ደረቀ» አልኩ፣ ለወሬ ያህል። ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርገው አሳዩኝ። ቅጠሉ በወደቀበት ቦታ ላይ ጠባሳ አለ፤ ጠፍጣፋ፣ ክብ ቢጤ፣ ከልጡ ትንሽ ነጣ ያለ። ከጠባሳው በላይ፣ ልክ እሱን ተጠግታ፣ የጎመን ዘር የምታክል ጠጉራም ጉጥ ተቀምጣለች። በጣቴ ነካኋት፤ ጠንካራ ናት። «ይቺ መቼ የመጣች ይመስልሻል?» አሉኝ። አሁን፣ በጋው ሲያልቅ አልኳቸው። «የለም። ቅጠሉ ሳይወድቅ እዚሁ ነበረች። ቅጠሉ ጋርዷት ነው ያላየናት።»

በኋላ የወረዳዋን ባለሙያ ጠየቅኋት፤ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ሳትሰለች አስረዳችኝ። እምቡጥ የሚሠራው በቅጠሉ ብብት ውስጥ ነው፣ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ። ድርቅ ሲበረታ ዛፉ በቅጠሉ ውስጥ ካለው ምግብ የሚችለውን ያህል ወደ ቅርንጫፉና ወደ ግንዱ ይመልሳል፤ ከዚያ የቅጠሉን መገናኛ ዘግቶ ይለቀዋል። በዚያ ሰዓት ቅጠል ውሃ የሚያባክን ነገር ነውና ዛፉ የሚጥለው ለመትረፍ ነው። ቅጠሉ የተነጠለበት ቁስል ይደፈናል፣ እምቡጡ ይጠብቃል። አንዳንዱ ዛፍ ዝናብ እስኪነካው እንኳ አይቆይም። ኮርችን አይታችሁት ከሆነ ቅጠል ሳይኖረው፣ ምድሩ ሁሉ አመድ መስሎ ሳለ ነው ቀይ አበባውን የሚያወጣው።

ያን ቀን ማታ ያሰብኩት ይህን ነው፦ የኔ እምቡጥ የት ነው? ጠባሳዬን አውቀዋለሁ። ከጎኑ ምን አለ?

መልሱ ወዲያው አልመጣም። የመጣውም በሌላ ሰው በኩል ነው። የሰፈራችን ልጅ ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ ስትል እናቷ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች፤ የሥራ ውል ነው፣ በዐረብኛ የተጻፈ። እኔ ዐረብኛ መናገር ጠልቼ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ እንኳ ስሰማው ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር፣ የማዳሟ ድምፅ ስለሚመጣብኝ። ወረቀቱን ግን አነበብኩላት። የዕረፍት ቀን የሚለው ቦታ ባዶ ነበር፤ ደመወዙም ደላላው በቃል ከነገራቸው ያነሰ ነበር። ነገርኳት። ልጅቷ ያን ውል አልፈረመችም። ከዚያ በኋላ ሌላ እናት መጣች። ከዚያ ስልክ ይዘው መጡ፣ ልጃቸው ያለችበትን ቤት ሰው በዐረብኛ እንዳናግርላቸው። እኔ ያጣሁት ነገር ሁሉ የጠፋው በዚያ ቋንቋ ነው፤ ከጠባሳው ጎን የተቀመጠችው እምቡጥ ግን ያቺው ዐረብኛ ነበረች። ዛሬ ይህን ያለ ክፍያ ነው የምሠራው፣ ግን ሰው አድርጎኛል። መንገድ ላይ «መቼ ትመለሻለሽ» የሚለኝ ሰው ጠፋና «ቤት አለሽ? ላስነብብሽ ነበር» የሚለኝ በዛ።

ለእናንተ የምለው እንግዲህ፦ ያጣችሁትን ጻፉት፣ ከአጠገቡ ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ያወቃችሁትን ጻፉ። የሰው ልጅ አሳድጋችኋል፣ ሽማግሌ አስታማችኋል፣ የማያውቁት አገር ኩሽና ውስጥ ብቻችሁን ሃያ ሰው አብልታችኋል። ባል የሄደባት ሴት የቤቱን ሒሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ይዛለች። ይህ ሁሉ መጽናኛ ወሬ አይደለም፣ ሙያ ነው። ለሁሉም ጠባሳ እምቡጥ አለው አልልም፤ አንዳንዱ ቦታ ባዶ ነው። ብቻ ሳታዩ ባዶ ነው አትበሉ።

ሁለተኛው ነገር ስለ ወቅት ነው። በቆላው ማሳ መሃል ተነጥለው የሚቆሙ ትልልቅ ግራሮች አሉ፤ ከሚሴ አካባቢ ገርቢ ይሏቸዋል። ይህ ዛፍ ከሌላው ዛፍ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ክረምት ሲገባ፣ ዓለም ሲለመልም፣ እሱ ቅጠሉን ያራግፋል። በጋው ሲከርር ለምልሞ ይታያል። ሥሩ በጣም ጠልቆ የከርሰ ምድር ውሃ ስለሚያገኝ ነው ይላሉ ባለሙያዎች። ገበሬ ይወደዋል፤ በክረምት ጥላ ስለሌለው ማሽላው ከሥሩ ፀሐይ ያገኛል፣ የሚያራግፈው ቅጠል መሬቱን ያዳብራል፣ በበጋ ደግሞ ፍሬው ለከብት መኖ ነው። ሐምሌ ላይ በዚያ የሚያልፍ እንግዳ ግን «ይህቺ ዛፍ ሞታለች» ብሎ ነው የሚያልፈው።

አብረውኝ ከተመለሱት መሃል ቶሎ ያገቡ አሉ፤ ሱቅ የከፈቱ አሉ፤ ተመልሰው የሄዱ አሉ። እኔ የምለመልምበት ጊዜ እነሱ የለመለሙበት አልነበረም፤ ዘመድ ደግሞ ያነጻጽራል፣ ሥራው ነው። እናቴ ላይ ሲበዛባት «ልጄ ገርቢ ናት» ብላ መመለስ ጀመረች፤ ይህን ከኔ ሰምታ ነው። አንዳንዶቹ ሳቁ፣ ሌሎቹ ዝም አሉ፣ ጥያቄው ግን ቀነሰ።

አሁን ደግሞ የማይጥመውን ልናገር፣ ዛፍና ሰውን ሲያመሳስሉ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውን። ሁሉም ጉቶ አያቆጠቁጥም። ባህር ዛፍ ብትቆርጠው ያቆጠቁጣል፣ ወይራም ቀስ ብሎ ከጉቶው ይነሣል። የሐበሻ ጽድ ግን፣ ያ የጎፍ ተራራ ላይ የምናውቀው፣ ግንዱ አንዴ ከተቆረጠ አለቀ፤ ከጉቶው ምንም አይመጣም። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ዓመት ቢጠብቁት፣ ውሃ ቢያጠጡት አይመጣም። ጽድ የሚፈልግ ሰው ያለው ምርጫ አዲስ ዘር መዝራት ነው፣ እሱም ለመብቀል የሚዘገይ ዘር ነው።

ስሄድ ሊያገባኝ ቃል የገባልኝ ልጅ ነበር፤ ስመለስ ሌላ አግብቶ ልጅ ወልዷል። ለብዙ ጊዜ ያ ነገር በሆነ መንገድ ይመለሳል ብዬ ውስጥ ውስጡን እጠብቅ ነበር። ሳስበው ጽድ ነው። ጽድ መሆኑን ካወቅኩ በኋላ መጠበቁ ቀረ፤ ሐዘኑ አልቀረም፣ ግን ሐዘንና መጠበቅ ሁለት ናቸው፣ መጠበቁ ነበር የሚያደክመኝ። አንቺም የቆረጡብሽን ነገር አይተሽ ወይራ ይሁን ጽድ ለይው። ከተጠራጠርሽ ለታላቅ ሰው አማክሪ፤ እኛ ስለ ራሳችን ጉቶ ጥሩ ዳኞች አይደለንም።

ስለ ጉቶ ከተነሣ፣ ባህር ዛፍ ላይ የሚሆነውን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ከአንድ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ይወጣል፤ ሁሉንም ከተዉት ሁሉም ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጠንከር ያሉት ሁለት ሦስት ይመረጡና የቀሩት ይቆረጣሉ። ሰውም ትንሽ ነፍስ ሲዘራ ሐሳቡ ይበዛል፤ የሰውም ምክር ይበዛል። ዶሮ አርቢ፣ ጸጉር ቤት ክፈቺ፣ ኮምፒውተር ተማሪ፣ ኮንትራት ሂጂ። እኔ ችግኙንና የማታ ትምህርቱን ያዝኩ፤ ሌላውን በትሕትና «ኢንሻአላህ» እያልኩ አሳለፍኩት። «ኢንሻአላህ» እንደዚህም ያገለግላል፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሌላ የምጠላው ነገር አለ። «መከራ ሰው ያደርጋል፣ ያጠነክራል» የሚሉት። ችግኝ ጣቢያ ማጠንከር የሚባል ሥራ በእርግጥ አለ። ሐምሌ ላይ ወደ ተራራው ከመሄዱ በፊት ባሉት ሳምንታት የችግኙ ዳስ ቀስ በቀስ ይገለጣል፣ ውሃው ይቀነሳል፣ ከከረጢቱ ሥር ወደ መሬት የወጣው ሥር ይቆረጣል። ችግኙ እንዲለምድ ነው። ግን ይህ የሚሠራው ሰው ቆሞ እያየ ነው። ጠዋት መጥተሽ ታያለሽ፤ ከጠወለገ ዛሬ ታጠጪዋለሽ። ዳሱን በአንድ ቀን አንሥተሽ፣ ውሃውን ድንገት አቁመሽ ብትሄጂ ጠነከረ አይባልም፣ ገደልሽው ነው የሚባለው። እዚያ ቤት እኔን የገጠመኝ ማጠንከር አልነበረም፤ ቆሞ የሚያይልኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ያለፈችበትን ሴት «ተጠቅመሽበታል» አትበሏት። ራሷን ስታጠነክር ግን፣ ማለትም ዛሬ ገበያ እስከ መግቢያው፣ ነገ እስከ ውስጡ፣ ከርሞ ሠርግ ቤት፣ አብሯት የሚሄድ ሰው ይኑራት።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። እኛም እንደ ሌላው ሰው ወደ ዘመድ፣ ወደ ገጠር ሸሸን። ስለዚያ ወራት ሌሎች የተሻለ ይጽፋሉ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተሞቹ ነፃ ሆነው ስንመለስ ጣቢያው አጥሩ ፈርሷል፣ የውሃ ሞተሩ የለም፣ መደብ ላይ ለቀጣዩ ክረምት የተቀመጡት ወይራዎች፣ ጽዶችና ግራሮች ስንት ጊዜ ውሃ ሳይነካቸው ቆይተው ቡናማ ሆነዋል። ሸሁ ደግሞ በመካከሉ አርፈው ነበር፤ በሕመም፣ በአልጋቸው ላይ፤ አላህ ይማራቸው። ወላሂ ያን ቀን መደቡ ላይ ቆሜ «በቃ፣ እኔም ወደ ጓዳዬ ልመለስ» ብያለሁ።

እትዬ ግን ጎንበስ ብላ ጀመረች። የደረቀ ችግኝ ሕይወት እንዳለው ለማወቅ ልጡን በጥፍርሽ ፋቅ ታደርጊዋለሽ፤ በጣም ትንሽ፣ የላይኛውን ቆዳ ብቻ። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ አለ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ትንሽ ዝቅ ብለሽ ትፍቂያለሽ፣ ደግሞ ዝቅ ብለሽ። ጫፉ የሞተ ችግኝ ሥሩ አካባቢ በሕይወት ሊኖር ይችላልና አንድ ቦታ ፍቆ መፍረድ አይቻልም። ሕይወት ያለበት ድረስ ወርደሽ፣ ከዚያ በላይ ያለውን የደረቀውን ትቆርጪና ታጠጪዋለሽ። ውሃውን በጀሪካን ከወንዝ አመላለስን። ብዙው ሞቶ ነበር፤ ጽዱ ጨርሶ ማለት ይቻላል። ከወይራው ግን ከሥር አረንጓዴ ያሳየን ነበር፣ ከግራሩም። የሞተውን ለይተን አፈሩን ለሌላ ዘር ደፋነው፤ አፈሩ ጥሩ ነው።

ያንኑ ነገር በራሴ ላይ አደረግኩት፣ አሁንም አደርገዋለሁ። ክፉ ቀን ሲመጣ «ደስ ይለኛል ወይ» ብዬ አልጠይቅም፤ ያ ጫፉ ነው፣ መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ነው። ዝቅ ብዬ እጠይቃለሁ። የቡና ሽታ ይሸተኛል? የእህቴ ልጅ ብትወድቅ ሮጬ አነሣታለሁ? ያ ደላላ ዛሬም ሌላ ልጅ ሲያታልል ባይ ያናድደኛል? ከተናደድኩ አለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለዛሬ እተወዋለሁ።

ዝቅ ብላችሁ ብትፍቁም ምንም አረንጓዴ የማታገኙበት ጊዜ ከረዘመ ግን፣ እንቅልፍም ምግብም ከተወሰደባችሁ፣ ወይም መሞት ከተመኛችሁ፣ ዛፍ አያድናችሁም፤ እኔም ጽሑፌም አናድናችሁም። ሐኪም ቤት ሂዱ። በየሪፈራል ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ባለሙያዎች አሉ፤ ጤና ጣቢያም ሄዳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ዱዓውም ጸበሉም ከኪኒኑ ጋር አይጣላም። አብራኝ የተመለሰች አንዲት ልጅ መድኃኒት ጀምራ ነው የተነሣችው፤ መጀመሪያ አፍራ በሻንጣ ውስጥ ትደብቀው ነበር፣ አሁን ቡና ላይ ታወራዋለች።

ለቤተሰብ አንድ ቃል። የተመለሰችውን ልጅ ስለ ብሩ አትጠይቋት፤ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ እሷው ራሷ በየሌሊቱ እየቆጠረችው ነው። ሥራ ስጧት፣ ትንሽ የሆነና ካልሠራችው በእርግጥ የሚጎድል። የማስመሰል ሥራ ታውቃለች።

ችግኝ ጣቢያ መሞከር የምትፈልግ ካለች፣ የምትጠይቀው የወረዳዋን ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው፤ አሁን አሁን በግል የሚያፈሉም በዝተዋል። ቀስ ብለው የሚበቅሉት እንደ ወይራና ጽድ ያሉት ቀድመው ስለሚዘሩ አፈር ሙሌቱ የሚበዛው በበጋ ነው፣ ለጀማሪ የሚሻለውም እሱ ነው። ክረምት ላይ ከመጣሽ ጭነትና ተከላ ነው፣ ጉልበት ይፈጃል። ክፍያው ትንሽ ነው፣ አልዋሽሽም። ለወገብሽ ዝቅተኛ ኩርሲ ያዢ፣ ጥፍርሽን አሳጥሪ፣ የሚጠጣ ውሃም ከቤት ይዘሽ ሂጂ፤ እዚያ ያለው የወንዝ ነው።